በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ

የልጆች የጨዋታ ሕክምና በሚሰጥበት ቤት በሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር አይጠፋም። ልጁ ገብቶ በሩ ሲዘጋ እናት እዚያ ላይ ትቀራለች። 45 ደቂቃ ሙሉ ስልኳን ትነካካለች፣ የተኛውን ታናሽ ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው ታዛውራለች፣ ከውስጥ ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። በሩ ሲከፈት ብድግ ብላ «እንዴት ነው፣ ለውጥ አለው?» ትላለች። ባለሙያውም ቆሞ «ደህና ነው፣ እየመጣ ነው» ይላታል። ቀጠሮ ይጻፋል፤ በቃ።

ስለ ጨዋታ ሕክምና፣ ልጅ የከበደውን በአፍ ሳይሆን በጨዋታ እንዲያወጣው ስለሚረዳው መንገድ፣ የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ በሩ ማዶ ነው፦ ስለ አሻንጉሊቱ፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ቀለሙ። እዚህም ይጻፋል፤ ሳናውቅ የምናበላሸው ብዙ ነገር አለና። ልቤ ያለው ግን አግዳሚው ላይ ነው። ልጅ በጨዋታ ያገኘውን የሚይዝለት ቤት ይዞት የሚመለሰው ሰው ነው። ያቺን ሰው ማንም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ካላላት፣ ክፍሉ ውስጥ የተሠራው ሥራ ታክሲ ተራ ሳይደርስ መፍሰስ ይጀምራል።

መጀመሪያ ክፍሉ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ የጨዋታ ሕክምና ራቱን ከመርሳት ይጀምራል። ልጁ ያቦካል፣ ያፈርሳል፣ ደግሞ ያቦካል፣ ማንም ከሱ ራት አይጠብቅም። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን መንገድ ስታደራጅ ዋና ሐሳቧ ልጁ ይመራል፣ አዋቂው ይከተላል፣ ነገሩም አይቻኮልም የሚል ነበር። ከ3 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ የደረሰበትን ቁጭ ብሎ አይተርክልንም፤ ይሠራዋል። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እናት የሆነችው ልጅ፣ እናቷ ትናንት ማታ የተናገረችውን በዚያው ድምፅ፣ እጇን በዚያው ወገቧ ላይ አድርጋ ትደግመዋለች።

ክፍሉ 3 ሜትር ተኩል በ4 ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆን ይበቃል። በጣም ከሰፋ መሮጫ ይሆናል፤ ከጠበበ ደግሞ ከአዋቂው ራቅ ማለት የፈለገ ልጅ የሚሸሽበት ጥግ ያጣል። የአዲስ አበባ መሀል ከተማ አሮጌ ሕንጻዎች ወለላቸው ሊሾ ወይም ጣውላ ነው። በክረምት ሊሾ ላይ ልጅ ማስቀመጥ ቅጣት ስለሆነ ስፖንጅ ይነጠፍና ላዩን ላስቲክ ይለብሳል። ስጋጃ አይመከርም። ቀለም ሲፈስ የአዋቂው ዓይን ስጋጃው ላይ ያርፋል፣ ልጁም ያን ዓይን ወዲያው ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጫወተው ስጋጃውን እየጠበቀ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ጥግ ማስቀመጥ የግድ ነው፤ ለልጁ ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሊትር የማይበልጥ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ይሰጠዋል። ሲያልቅ አለቀ። ይህ ልኬት የክፍሉ ሕግ እንጂ የአዋቂው ንፍገት እንዳልሆነ ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል።

አሸዋው ለብቻው ይነገርለት። እንግሊዛዊቷ የልጆች ሐኪም ማርጋሬት ሎወንፌልድ ለንደን ውስጥ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጀመረችውን ስዊዘርላንዳዊቷ ዶራ ካልፍ አሳደገችው። ሳጥኑ 72 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጁ አንገቱን ሳያዞር ዓለሙን በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያየው። ውስጡ ሰማያዊ ይቀባል፤ አሸዋው ሲገፋ ከሥር ወንዝ ይወጣል። ማንኛውም የሰፈር አናጺ ልኩ ከተሰጠው ይሠራዋል። ሳጥኑን እስከ ግማሽ ለመሙላት 20 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ለግንባታ የተደፋውን አሸዋ እንዳለ ማስገባት ግን ችግር መጥራት ነው፦ አቧራው ያሳስላል፣ ስባሪ ጠርሙስና ሚስማርም አያጣም። በወንፊት ይነፋል፣ ውኃው እስኪጠራ አራት አምስት ጊዜ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሰኔ ከገባ አይደርቅምና የክረምቱ በግንቦት ይዘጋጅ። ክዳንም አይረሳ፤ ክዳን የሌለው የአሸዋ ሳጥን ቅዳሜና እሑድ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ሽንት ቤት ይሆናል።

መጫወቻዎቹን የሙያው ሰዎች በሦስት ወገን ያዩአቸዋል፦ የኑሮ፣ የቁጣና የፈጠራ። ዋጋ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ይመስላል፤ ነገር ግን በጣም የሚጠቅመው በጣም ርካሹ ነው። አንድ ትንሽ ጀበና፣ አራት ሲኒ፣ ከቆርቆሮ የተሠራ ምድጃና ድስት፣ መሶብ የምታክል ሙዳይ። ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን የዞረ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዞ ይመለሳል። ከጨርቅ የተሰፋ ቤተሰብ ያስፈልጋል፤ እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ ሕፃን፣ አያት። እዚህ ላይ ከውጭ ተገዝተው የሚመጡት የአሻንጉሊት ቤተሰቦች አንድ ሰው ያጎድላሉ፦ ሠራተኛዋን። መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ልጅ ነው ከእናቱ እኩል በእሷ እጅ የሚያድገው? አንድ ቀን ጠዋት ልጁ ሳይነሳ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ቤተሰቡ በሳምንቱ ሌላ ያገኛል፣ ስለ ሐዘኑ ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ሴት አሻንጉሊት ሳይሰየምላት መደርደሪያው ላይ ትቀመጥ። ማን እንደሆነች ልጁ ይነግረናል።

ተሽከርካሪዎቹ ውስጥ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ አምቡላንስና ዶዘር ይኑሩ። ዶዘሩን አትለፉት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የሐኪም ዕቃ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና ፋሻ ይበቃዋል። አንድ የተበላሸ ስልክ፣ ባትሪው የወጣለት፣ ከሁሉም በላይ ይሠራል፤ ልጆች ለማይመልስ ሰው ይደውሉበታል።

ለቁጣ ጅብ፣ እባብ፣ አንበሳ፣ ወታደሮች፣ የላስቲክ ጩቤና በጨርቅ ቁራጭ የተሞላ ጆንያ። ጩቤውን ሲያዩ የሚከፋቸው ወላጆች ብዙ ናቸው፣ ጭካኔ ያስተምራል ብለው። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ቁጣ ጩቤ ስላጣ አይቀርም፤ ታናሽ ወንድሙን ያገኛል። የበግ፣ የአህያና የዶሮ ቅርጾችም ከጅቡ ጋር አብረው ይቀመጡ፤ የሚበላ ከሌለ ጅብ ምን ያደርጋል?

ለፈጠራው ወረቀት፣ የሰም ቀለም (ቡናማው በተለያየ ድምቀት፣ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቆዳ የለውም)፣ መቀስና ሙጫ። የሚቦካ ነገርም ያስፈልጋል፤ በየቦታው የሚታወቀው አሠራር ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ገደማ ውኃና አንድ ማንኪያ ዘይት ነው፤ ሳምንት ያህል ይቆያል። እኔ ግን ለዚህ ከተማ አልመክረውም። «በእህል አይጫወቱም» ተብሎ ያደገ ልጅ ዱቄት ሲያባክን እጁ ይሳቀቃል፤ እናቱም በሩ ሲከፈት ያን ዱቄት አይታ በልቧ ዋጋውን ታሰላለች። የሸክላ ጭቃ ይሻላል፤ የነካው ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም አያዝንለትም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ሳምንታት ይቆያል።

ሁሉም በየቀጠሮው እዚያው ቦታው ላይ መገኘት አለበት። ባለፈው ሳምንት እባቡን ከሁለተኛው መደርደሪያ ግራ ጥግ የቀበረው ልጅ ዛሬ እዚያው ይፈልገዋል። መደርደሪያውን በስልክ ፎቶ አንስቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከሁሉ የሚቀል መላ ነው። የተሰበረ ከሆነ ይነሳ፤ በባትሪ የሚጮኸውን፣ የቴሌቪዥን ጀግና የሆነውንና ተጫዋች የሚሸነፍበትን ሁሉ መጀመሪያውኑ አለማስገባት ነው።

አሁን ከባዱ፦ አፍ። አማርኛ ለዚህ ሥራ እንቅፋትም ጸጋም ነው። እንቅፋቱ በሁላችንም ምላስ ላይ የተቀመጡ ሦስት ቃላት ናቸው፤ «ጎበዝ»፣ «አይዞህ»፣ «ለምን»። «ጎበዝ» የተባለ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚስለው ለጎበዝነቱ ነው። ፋንታው ያየነውን መናገር ነው፦ «ወረቀቱን ጥግ እስከ ጥግ በቀይ ሞላኸው።» «ለምን» ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ይሸታል፤ ልጁ ምክንያት ይፈጥርልናል እንጂ አያወጣውም። «አይዞህ» ግን ለመተው ይከብዳል፤ ቃሉ ፍቅር ነው። ችግሩ ሳይታይ ይዘጋል። ሕፃኗ አሻንጉሊት ከአልጋ ወድቃ ልጁ ትክ ብሎ ሲያያት «አይዞህ፣ ትነሳለች» ካልን ፍርሃቱን ገና ሳናየው ሸኘነው ማለት ነው። «ወደቀች። ማንም አልያዛትም።» ብሎ ዝም ማለት ይቻላል። ዝምታው ያስጨንቃል፤ አዲስ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ልጁን ለመርዳት ሳይሆን ያን ዝምታ ለማምለጥ ነው።

ጸጋው ደግሞ የስሜት ቃላቱ ናቸው። ኳሱን የማያውቀው ልጅ ሲቀማው ተናደደ፤ እናቱ ኳሱን ወስዳ ለወንድሙ ስትሰጥበት ሆድ ባሰው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከፋው፣ ናፈቀው፣ ቀና፣ አፈረ፣ ደነገጠ፣ ተሳቀቀ፣ ግራ ገባው፤ እያንዳንዱ የየራሱ ቤት አለው። ሁሉንም «ተናደድክ» የሚል አዋቂ ልጁን ያልሰማው ያህል ነው። ትክክለኛው ቃል የተገኘ ጊዜ በግልጽ ይታወቃል፦ ልጁ እጁ ባለበት ይቆማል፣ አንዴ ዞር ብሎ ያየናል፣ ከዚያ ጨዋታው ጠለቅ ብሎ ይቀጥላል። ሌላው የግሱ መደብ ነው። ልጅቷ በአሻንጉሊቷ በኩል እያወራች ሳለ «ፈራሽ» ማለት ጭምብሏን መግፈፍ ነው፤ «ልጅቷ ፈራች» ካልን ከጭምብሉ ጋር አብረን እንሄዳለን። ድምፅም መጨረሻው ላይ ከፍ ካለ ጥያቄ ይሆናልና ዝቅ ብሎ ይለቅ።

ነፃነት ሲባል ልቅነት አይደለም። ልጁ ብረት መኪና አንስቶ ሊወረውርብን ሲል የሚነገረው ሦስት ነገር ነው፤ በዚህ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ትንፋሽ፦ «በጣም ተናደድክብኝ። ሰው ግን አይመታም። ጆንያውን መምታት ትችላለህ።» ስሜቱ፣ ወሰኑ፣ መውጫው። ብዙ ሰው መሀለኛውን ብቻ ያስታውሳል፤ ያን ጊዜ ቁጣ ይሆናል። ሌላው ደግሞ የመጀመሪያውን ተናግሮ ወሰኑን ያለሳልሰዋል፤ ያን ጊዜ መኪናው ግንባሩ ላይ ያርፋል። ከሦስት ማሳሰቢያ በኋላ ካልተመለሰ መኪናው ለዛሬ ይነሳል፤ ልጁ አይነሳም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያም አለ። አንድ ቀን የታየ ጨዋታ ማስረጃ አይደለም። አባት አሻንጉሊቱን አሸዋ ውስጥ የቀበረ ልጅ አባቱ ገጠር የሄደበት፣ የተቆጣው፣ ወይም ትናንት የጎረቤት ቀብር ያየ ሊሆን ይችላል። አራትና አምስት ጊዜ ሲደጋገም፣ መጨረሻው ሳይለወጥ፣ ልጁም ሲጫወተው ደስታ ሲያጣበት ያን ጊዜ ጆሮ ይሰጠው። ልጁ ራሱ በአፉ ጥቃት እንደደረሰበት ከተናገረ ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሉ እንዳለ ይጻፋል፣ ደጋግሞ ማስተረክ የለም፣ «ለማንም አልናገርም» የሚል ቃል አይገባም። መሀል ከተማ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዓቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል የተቋቋመው ልጁ በየቢሮው ያንኑ ታሪክ እንዳይደግም ነው።

ይህ ሁሉ ከ35 እስከ 40 ቀጠሮ ሲደርስ ጥሩ ውጤት ያሳያል። በ2005 እ.ኤ.አ. የ93 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመዘነ ትንተና ያገኘው ይህንን ነው፤ አብሮ ያገኘው ደግሞ ወደ አግዳሚው ይመልሰናል። ጨዋታውን የሠለጠነ ወላጅ ሲመራው ለውጡ ባለሙያ ብቻውን ከሚመራው በልጦ ተገኘ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካውያኑ በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ ወላጆችን ማሠልጠን የጀመሩት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ኋላ ጋሪ ላንድሬዝ በ10 ሳምንት አሳጥሮ አስቀምጦታል፦ ወላጅ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ፣ ለ30 ደቂቃ ይጫወታል። ዕቃዎቹ በካርቶን ለብቻ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ሰዓት ውጪ አይወጡም። ስልክ ይጠፋል። ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ይነገራል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከሆነ አንድ ጆንያ ይነጠፍና ጆንያው ላይ ያለው ሁሉ የልጁ ግዛት ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ፕሮግራም የሚሳሳተው። 30 ደቂቃ ለምክር ሰጪ ትንሽ ናት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ፣ ምሳ ዕቃ ቋጥራ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ሥራ ውላ፣ ማታ እንጀራ ለምትጋግር ሴት ግን ያቺ 30 ደቂቃ የቤት ሥራ ትሆናለች። ሳታደርገው ስትቀር ትደብቃለች፤ ቀጥሎ ቀጠሮ ትቀራለች። ፋይሉ ላይ «ክትትል አቋርጣለች» ይጻፋል። ደክማ እንደሆነ፣ ታማ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ፋይሉ የለውም።

ድብርት ያለባት እናት ፊቷ አይጫወትም። ልጁ ዶሮዋን «ኩኩሉ!» እያስባለ ቀና ሲል የሚያየው ፊት ካልመለሰለት ሁለት ሦስቴ ይሞክርና ይተወዋል። ይህች ሴት ልጇን አልወደደችም ማለት አይደለም። የመውደድ አቅሟ ሥር ያለው ሞተር ነው የቀዘቀዘው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከነፍሰ ጡሮች 15.6 በመቶ፣ ከወለዱት ደግሞ 19.8 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር ያገኛቸዋል፤ በአብዛኛው ድብርት። ከአምስት አንድ ማለት ነው። በተርታ አግዳሚው ላይ ቁጠሩ።

ቃሉ ራሱ አያግዝም። «ደበረኝ» በወጣቱ አፍ «ሰለቸኝ» ሆኗል፤ እናቶች ደግሞ «ድብርት አለብኝ» ብለው አይመጡም። ራሴን ይወጋኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴ ይቃጠላል፣ ቀልቤ የለም ይላሉ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የራስ ምታት ክኒን ይዘው ይመለሳሉ። ስለዚህ በመጠይቅ መጠየቅ ይጠቅማል። ኤዲንብራ ላይ በ1987 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው ባለ10 ጥያቄ መለኪያ ሆን ብሎ የሰውነት ድካምን ይተዋል፤ አራስ ሁሉ ይደክማታልና። አዲስ አበባ ውስጥ በወለዱ እናቶች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። PHQ-9 የሚባለው ባለ9 ጥያቄ የድብርት መለኪያ ደግሞ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከ0 እስከ 27 ይቆጠራል፤ በብዛት 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ሐኪም ይላካል። ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃሉ። ያቺን ጥያቄ ጠያቂዎች እያፈሩ ይዘሏታል፣ ሐሳቡን እንዳይሰጧት ፈርተው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ያለባትን ያሳርፋታል። ወረቀቱን ግን ልጁ ባለበት፣ ባሏ ወይም አማቷ ባሉበት አያስሞሉ። ከደም ማነስና ከእንቅርት ዕጢ መዛባት የሚመጣ ድካምም ድብርት ይመስላልና የደም ምርመራ አብሮ ይታዘዝ።

የአራስነት ነገር ትንሽ ዘርዘር ይበል። ከወለዱ በሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ያለ ምክንያት ማልቀስ የብዙዎች ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ ድብርት ሊሆን ይችላልና ይታይ። ሌላው አልፎ አልፎ የሚመጣው፣ ከ1,000 ወላዶች በአንድ ወይም በሁለት ላይ፣ እንቅልፍ ጨርሶ መጥፋት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር ማመን ነው። ይህ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬድ አደጋ ነው፤ አማኑኤል ወይም የቅርቡ ድንገተኛ ክፍል። እናትና ሕፃን ብቻቸውን አይተዉ። ጸበል የሚሄዱ ይሂዱ፤ መድኃኒቱን ይዘው። አንዱ ሌላውን እንዲያስጥል የሚያደርግ ባለሙያም ሆነ ዘመድ ሁለቱንም ያሳጣታል።

ባህላችን አራስን አያያዝ ያውቃል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው፣ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ብቻዋን አለመተዋ፤ አንድም ሐኪም ከዚህ የተሻለ አያዝም። ችግሩ ቀኑ ነው። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ክርስትና ይነሳና ጠያቂው ይበተናል። ድብርቱ ግን እስከ ዓመት ድረስ የፈለገው ወር ላይ ሊመጣ ይችላል። የክትባት ቀጠሮ ለመጠየቂያ የተመቸው ለዚህ ነው፤ በ9ኛው ወር ለኩፍኝ ስትመጣ የሚያያት ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

የፒያሳና የካዛንቺስ መፍረስ ይህን የበለጠ አባብሶታል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቤታቸው የፈረሰባቸው ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ ገላን ጉራና ሌሎችም የጋራ መኖሪያዎች ሄደዋል። ብዙዎቹ የተሻለ ቤት፣ የግል ሽንት ቤት አግኝተዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀረው ግን በካሬ ሜትር የማይለካ ነው። የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ልጅ ሲጫወት የአምስት ጎረቤት ዓይን ነበረው፣ እናትም ሲጨንቃት ቡና የሚያፈላ በር። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ይቆለፋል። ዶዘሩን የጠቀስኩት ለዚህ ነው። መደርደሪያው ላይ ካለ፣ ቤት ሠርተው በእሱ የሚያፈርሱ፣ እንደገና የሚሠሩ ልጆች ይኖራሉ። ወንበር ደርድረው ታክሲ የሚሠሩም፦ ረዳቱ ራሱ ነው፣ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጠራል፣ ማን እንደሚሳፈርና ማን እንደሚቀር እሱ ይወስናል። ያልተጠየቀበትን ጉዞ አሁን እሱ ያዝዘዋል። አዋቂው «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ ፈቃድ መጠበቅ አለበት።

ለእናቶቹ የሚሠራው ነገር ረቂቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አምስት ሳምንት፣ በሳምንት 90 ደቂቃ የሚወስደው የምክር ዘዴ የአእምሮ ሐኪም ባልሆኑ ሠልጣኞች ሊሰጥ ይችላል። መጀመሪያ ትንፋሽ ነው፤ በሆድ፣ ሦስት ቆጥሮ ማስገባት፣ ሦስት ቆጥሮ ማስወጣት፣ ትከሻ ሳይንቀሳቀስ። ቀጥሎ ችግርን መለየት፤ የሚፈታውን ከማይፈታው። የኪራይ ጭማሪን ማስቆም አትችልም፤ አከራይዋን በ10 ቀን መክፈል ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ግን ትችላለች፣ ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ። ከዚያ የተተወውን ነገር በትንሹ መጀመር ነው። «ቤቱን አጽዳለሁ» ብሎ ዕቅድ አይሠራም፤ «ሲኒዎቹን አጥባለሁ» ይሠራል። መጨረሻው የሚደግፍ ሰው ማግኘት ነው፤ አንድ ስም፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ቀን።

በቡድን ከሆነ ከ6 እስከ 8 እናቶች፣ ከአንድ ዕድር ያልሆኑ። ጎረቤታሞች ከተቀመጡ ማንም ስለ ባሏ አያወራም። ቡና ይፈላ፤ አቦል እስኪወርድ ሰላምታው ያልቃል፣ ቶናው ላይ ሥራው ይሠራል፣ በረካው መሰነባበቻ ነው፣ 90 ደቂቃው በራሱ ይለካል። ቁርሱ ቆሎ ይሁን፤ ጾምም ፍስክም አይል፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም አያስከፋም። ረቡዕ ቀን የቅቤ ኬክ ገዝቶ የመጣ አስተባባሪ ግማሹን ቡድን አሳፍሮ ይጀምራል።

መድኃኒት ካስፈለገም ያስፈልጋል። ፍሉኦክሴቲን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ሰርትራሊን የሚታዘዙት ናቸው፤ ለምታጠባ እናት ሰርትራሊን ይመረጣል። ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ ማዞሩና ማቅለሽለሹ ግን በመጀመሪያው ሳምንት። ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ መሀል ስለሆነ አስቀድሞ ይነገራቸው። ሲሻላትም ሐኪም ሳያውቅ በድንገት አይተውም።

እናት እስክትነሳ ድረስ የቤቱ ጨዋታ 30 ደቂቃ አይሁን። 10 ይሁን፤ ተኝታም ቢሆን፣ አሻንጉሊቷ ሆዷ ላይ እየተራመደች። በመጠይቁ ውጤቷ ከፍ ያለ እናት ጨዋታው ጭራሽ አይሰጣት፤ መጀመሪያ የራሷ ሕክምና ይጀመር።

አግዳሚውን በተመለከተ፣ በሩን ፊት ለፊት እንዳያይ ይዞር፤ የሚያይ ከሆነ እናት የምትሰማው ልጇን ብቻ ነው። አጠገቡ ለታናሽ የሚሆን ዕቃ ያለበት ቅርጫት ይቀመጥ። ሁለት ባለሙያ ካለ አንዱ በእነዚያ 45 ደቂቃዎች ከእሷ ጋር በሌላ ክፍል ይቀመጥ። አንድ ብቻ ከሆነ በየአራተኛው ሳምንት ቀጠሮው የእሷ ይሁን፣ ልጁ ሳይመጣ። ልጁ ምን እንዳለ ሲጠየቅ የጨዋታው ዝርዝር ሳይሆን ጭብጡ ይነገራት፦ «ሰሞኑን ስለ መለያየት ይጫወታል።» ካርድም በስሟ ይውጣላት፣ የራሷ ቁጥር ያለው። ካርድ ክፍል «የማን ካርድ?» ሲላት የልጇን ስም ትታ የራሷን እስክትናገር ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይፈጃል።